ሲስተሙ ቀጥ ሲል፦ አጥፍታችሁ ከማብራታችሁ በፊት

«ሲስተም የለም።» ይህችን ቃል ያልሰማ የለም። ወረፋ ይዛችሁ፣ ተራችሁ ደርሶ መስኮቱ ጋ ስትቆሙ ትወረወርባችኋለች። እኔ ከመስኮቱ ወዲያ ማዶ ነኝ። ሐዋሳ ውስጥ የጥቂት ድርጅቶችን ሰርቨር እየተዘዋወርኩ አያለሁ። ስለዚህ ቃሏ ወደ እኔ የምትመጣው በስልክ ነው። ብዙ ጊዜ ጠዋት፣ ቁርስ ላይ።

ባለፈው ክረምት የደወለችልኝ የአንድ ድርጅት ገንዘብ ያዥ ነበረች። «ወንድሜ፣ ሲስተሙ ስታክ አድርጓል። ደረሰኝ መቁረጥ አልቻልንም፣ ሰው ተሰልፏል።» ከኋላዋ ጫጫታው ይሰማል። ከሁለት ሳምንት በፊት ሰርቨሩን አፕግሬድ ያደረግኩት እኔው ነበርኩ። «በቃ፣ አፕግሬዱ ነው» አልኩ በሆዴ። አልነበረም። ማለቴ፣ ነበረም አልነበረምም። እመለስበታለሁ።

በቅድሚያ ስለ ቨርቹዋል ማሽን እንግባባ፤ የደረሰኙ ሲስተም የሚሠራው በእሱ ላይ ነውና። አንድ ግቢ አስቡ። አከራዩ ከዋናው ቤት ጀርባ አምስት ሰርቪስ ክፍሎች ሠርቶ አከራይቷል። እያንዳንዱ ተከራይ የራሱ በር፣ የራሱ ቁልፍ አለው። በሩን ሲዘጋ «ቤቴ» ይላል። ግን ቆጣሪው አንድ ነው፣ ሮቶውም አንድ ነው። አንዷ ተከራይ ምጣድ ስትሰካ የጎረቤቷ አምፖል ደብዘዝ ይላል። ጎረቤቷ ግን ምክንያቱን አያውቅም፤ የሚያየው የራሱን አምፖል ብቻ ነው።

ቨርቹዋል ማሽን ተከራዩ ነው፤ እውነተኛ ሰርቨር ውስጥ በሶፍትዌር የተሠራ፣ ራሱን የቻለ የሚመስል ኮምፒውተር። ግቢው እውነተኛው ሰርቨር ነው፤ በእኛ ሙያ ሆስት እንለዋለን። አከራዩ ደግሞ ሃይፐርቫይዘር የሚባለው ሶፍትዌር ነው። ፕሮሰሰሩን፣ ራሙንና ዲስኩን ቆራርሶ የሚያድለው እሱ ነው። ቪኤምዌር ኢኤስኤክስአይ፣ ፕሮክስሞክስ፣ የማይክሮሶፍቱ ሃይፐር-ቪ፣ ላፕቶፕ ላይ ደግሞ ቨርቹዋልቦክስ ሁሉም አከራዮች ናቸው። ሐሳቡ ራሱ የቆየ ነው። አይቢኤም ለትልልቅ ኮምፒውተሮቹ እ.ኤ.አ. በ1972 ይዞት ወጥቷል። ዛሬ ፕሮክስሞክስን የመሳሰሉት የሚሠሩበት ኬቪኤም ደግሞ ከ2007 ጀምሮ ሊኑክስ ከርነል ውስጥ አለ፤ ከርነል ማለት የኦፕሬቲንግ ሲስተሙ እምብርት ነው።

እንግዲህ አንድ ሰው «አፕግሬድ ካደረግን ጀምሮ ስታክ ያደርጋል» ሲለኝ የመጀመሪያ ጥያቄዬ «የማን አፕግሬድ?» ነው። የአከራዩ? የተከራዩ ዊንዶውስ ወይም ሊኑክስ? ወይስ በሁለቱ መካከል ያለው ድራይቨር፣ ማለትም አስተርጓሚው ፕሮግራም? ብዙዎቹ አያውቁትም። እኔም ሁልጊዜ አላስታውሰውም፤ ለዚህ ነው ደብተር የያዝኩት።

ሁለተኛው ጥያቄ «ስታክ ስትሉ ምን ማለታችሁ ነው?» የሚለው ነው። እዚህ ላይ ልቆይ፤ ብዙ ሰው ጊዜውን የሚያባክነው እዚህ ነውና። ቀጥ ያለ ማሽን ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። እያበደ የቆመ አለ፣ እየጠበቀ የቆመ አለ፣ ሌላ ሰው ያቆመውም አለ።

ከሆስቱ ገጽ ላይ የዚያን ማሽን የፕሮሰሰር ግራፍ ክፈቱ። መስመሩ ጣሪያ ነክቶ እዚያው ከቀረ ማሽኑ አልቆመም። ጭቃ ውስጥ እንደገባ የባጃጅ ጎማ አንድ ቦታ ላይ እየተሽከረከረ ነው። መስመሩ ወለል ላይ ከተኛ ደግሞ የሆነ ነገር እየጠበቀ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ዲስክ። ይህቺ አንዲት እይታ ብቻዋን ግማሹን ጥርጣሬ ታስወግዳለች።

ቀጥሎ ፒንግ አድርጉት። ፒንግ በር ማንኳኳት ነው። «አለሁ» ብሎ የሚመልሰው የተከራዩ ከርነል ነው፤ ለዚህ ደግሞ ራም ይበቃዋል፣ ዲስክ አያስፈልገውም። ስለዚህ ዲስኩ የራቀበት ማሽን ለፒንግ እየመለሰ ሊቆይ ይችላል። ልትገቡ ስትሉ ግን ስማችሁንና የይለፍ ቃላችሁን ተቀብሎ እዚያው ይቀራል። ማንነታችሁን ለማጣራት ዲስክ ላይ ያለ ነገር ማንበብ አለበት፣ እሱ ደግሞ አይመጣም። ሰዎች «ፒንግ ይመልሳል፣ ስለዚህ ደህና ነው» ሲሉ እሰማለሁ። በሩ ሲንኳኳ የሚመልስ ሰው ሁሉ ጤነኛ አይደለም፤ ከአልጋው ሳይነሳም «አቤት» ሊል ይችላል።

ሦስተኛው ነገር ኮንሶሉን፣ ማለትም ከሆስቱ ገጽ ላይ የሚታየውን የማሽኑን ስክሪን፣ ከፍቶ በስልክ ፎቶ ማንሳት ነው። አዎ፣ በስልክ። ማሽኑን አጥፍታችሁ ስታበሩት ስክሪኑ ላይ የነበረው ሁሉ ይጠፋል፣ ያ ስክሪን ደግሞ ያላችሁ ብቸኛ ምስክር ሊሆን ይችላል። ጥግ ላይ ያለውን ሰዓትም እዩት። ሰዓቱ ከቆመ፣ ማሽኑ የቆመበትን ደቂቃ በራሱ እጅ ጽፎላችኋል።

ወደ ገንዘብ ያዧ ልመለስ። ቢሮው ደርሼ ሆስቱን ከፈትኩ። የፕሮሰሰሩ ግራፍ ወለል ላይ ተኝቷል። ፒንግ አይመልስም። ከማሽኑ ስም አጠገብ ትንሽ የማስጠንቀቂያ ምልክት አለች። ኮንሶሉ ላይ የደረሰኙ ቅጽ እንደተከፈተ አለ፤ የሰዓቱ ቁጥር ግን አይንቀሳቀስም። ሥራ አስኪያጁ ከኋላዬ ቆመው «አጥፍተህ አታበራውም እንዴ?» ይሉኛል። «አንድ አምስት ደቂቃ ይስጡኝ፣ ጋሼ።» የሆስቱን ዲስክ ሳየው መቶ በመቶ ሞልቷል።

ነገሩ ገባኝ። አፕግሬዱን ከመጀመሬ በፊት ስናፕሾት ወስጄ ነበር። ደግ አድርጌያለሁ። ስናፕሾት ማለት ለዲስኩ «እስካሁን የተጻፈውን እንዳትነካ፣ ከዚህ በኋላ ያለውን ሌላ ቦታ ጻፍ» ብሎ ማዘዝ ነው። መዝገብ ላይ አንድም ፊደል አትሰርዝ፣ ማስተካከያ ሲኖር አዲስ ወረቀት አያይዝ እንደማለት ነው። የሽያጭ ዳታቤዝ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ያስተካክላል። ወረቀቱ ይከመራል። በመጨረሻ የተያያዘው ወረቀት ከመዝገቡ እኩል ሊወፍር ይችላል። ቪኤምዌር አንድን ስናፕሾት ከ72 ሰዓት በላይ አታቆዩ ብሎ የሚመክረው ያለ ነገር አይደለም። እኔ 14 ቀን ረሳሁት። አፕግሬዱ ምንም አላጠፋም። ጥፋቱ የጥንቃቄዬ ትርፍራፊ ነው።

ዲስኩ ሲሞላ የሆነውን ተመልከቱ። ሃይፐርቫይዘሩ የተከራዩን ጽሑፍ የሚያስቀምጥበት ቦታ ሲያጣ ሁለት መንገድ አለው። አንደኛው «ዲስክህ ተበላሽቷል» ብሎ ተከራዩን ማስደንገጥ ነው። ሁለተኛው ባለበት አስቁሞ ቦታ እስኪገኝ መጠበቅ ነው። ኬቪኤም ላይ የተለመደው ሁለተኛው ነው፤ ጥሩም ነው፣ ዳታ አያበላሽም። ችግሩ ተከራዩ መቆሙን እንኳ አለማወቁ ነው። ውስጥ ገብታችሁ ሎጉን፣ ማለትም ማሽኑ ውሎውን የሚጽፍበትን መዝገብ፣ ብታነቡ ስለ ችግሩ አንዲት መስመር አታገኙም። ሎጉ መሐል ላይ ድንገት ይቋረጣል፣ በቃ። ይህ ራሱ ምልክት ነው፤ ሳይናገር የቆመ ማሽን ብዙ ጊዜ ከውጭ የቆመ ነው።

አጥፍቼ ባበራው ኖሮ ምን ይሆን ነበር? ዳታቤዙ መሐል ላይ ይቆረጥ ነበር። ማሽኑ ይነሳና የመጀመሪያዋን ነገር ሊጽፍ ሲል እንደገና ቀጥ ይላል፤ ቦታ የለማ። ይልቅስ ሆስቱ ላይ የተጠራቀሙ የዊንዶውስ መጫኛ ፋይሎችን አጠፋሁና ጥቂት ጊጋባይት ተገኘ። ከዚያ «ቀጥል» የምትለውን ቁልፍ ተጫንኩ። ከጎን ክፍል «መጣ! መጣ!» የሚል ድምፅ ሰማሁ። ከቆመበት ፊደል ነው የቀጠለው። አንድ ነገር ብቻ፦ የመጀመሪያው ደረሰኝ ላይ የታተመው ሰዓት 40 ደቂቃ ወደኋላ የቀረ ነበር። ለማሽኑ እነዚያ 40 ደቂቃዎች አልነበሩም። ሰዓቱን አስተካከልኩ። ስናፕሾቱን ግን ያን ሰዓት አልነካሁትም። ማጥፋቱ ራሱ ማሽኑን ለአፍታ ሊያቆመው ስለሚችል ማታ ሥራ ሲዘጋ ነው ያጠፋሁት።

ሰዓት ካነሳን አንድ እኛን ብቻ የሚመለከት ጣጣ አለ። ሎጉ ማሽኑ 6፡10 ላይ ቆመ ይላል። ግድግዳው ላይ ያለው የፈረንጅ ሰዓት 9፡10 ይላል። ገንዘብ ያዧ «ከጠዋቱ 3፡10 ላይ ነው» ትላለች። ሦስቱም ልክ ናቸው። ብዙ ሰርቨሮች ሎጋቸውን የሚጽፉት በግሪንዊች ሰዓት ነው። የእኛ አገር በፈረንጅ አቆጣጠር ከግሪንዊች 3 ሰዓት ይቀድማል፣ ሰው የሚናገረው ደግሞ ከዚያ 6 ሰዓት ቀንሶ ነው። ስለዚህ ከግሪንዊች ሎግ ላይ 3 ቀንሱ፣ ሰው የሚነግራችሁን ሰዓት ታገኛላችሁ። በዚህ ነገር አንድ ቀን ሙሉ የተሳሳተ ሎግ ስመረምር ውያለሁ። አሁን መጀመሪያ የምጠይቀው «በማን ሰዓት?» ብዬ ነው።

የተጫነ ሁሉ አልጀመረም

«ከአፕግሬዱ በኋላ» የሚለው አነጋገር ብዙ ያሳስታል። አዲስ ከርነል ተጫነ ማለት ሥራ ጀመረ ማለት አይደለም። ዲስክ ላይ ተቀምጦ ይጠብቃል እንጂ፣ ሆስቱ ጠፍቶ እስኪነሳ ድረስ ወንበሩ ላይ ያለው የድሮው ነው። ሰርቨር ደግሞ ለወራት ሳይጠፋ ሊቆይ ይችላል። ከዚያ አንድ ማክሰኞ መብራት ይሄዳል። ዩፒኤሱ የቻለውን ያህል ይታገሣል። ጄኔሬተሩ ናፍጣ የለውም። ሁሉም ይጠፋል፣ መብራት ሲመጣ ሁሉም ይነሳል፤ በዚህ ጊዜ ግን የሚነሳው ከሁለት ወር በፊት የተጫነው አዲሱ ከርነል ነው። ረቡዕ ላይ ማሽኖቹ ስታክ ማድረግ ይጀምራሉ። ሰው ሁሉ መብራት ኃይልን ይረግማል። አንዳንዴ እርግማኑ ይገባዋል፤ ግን መጀመሪያ ሆስቱ መቼ እንደተነሳና በየትኛው ከርነል እንደተነሳ እዩ።

የተገላቢጦሹም አለ። ለአንድ ዓመት ያልጠፋ ሰርቨር ለአፕግሬድ ብላችሁ ስታጠፉት፣ ድሮ የደከመ ዲስክ ወይም ማንም ያልመዘገበው ማስተካከያ በመነሣቱ ሰዓት ይጋለጣል። አፕግሬዱ የለበትም፤ ያጋለጠው ማጥፋቱ ነው። እኔ ትልቅ አፕግሬድ ከማድረጌ በፊት ሆስቱን ምንም ሳልነካ አንዴ አጥፍቼ አስነሣለሁ። የድሮውን በሽታ ከአዲሱ ለመለየት ይህን ያህል የረዳኝ ነገር የለም።

ግን ለአፕግሬድ ጠበቃ መሆኔ አይደለም። እውነት ጥፋተኛ የሚሆንበት ጊዜ አለ፣ ከሰማሁት ሁሉ የሚገርመኝ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2023 ኬቪኤም ላይ የተገኘው ስህተት ነው። አከራዩ የተከራዩን ራም ከሥር ባንቀሳቀሰ ቁጥር አንድ ቆጣሪ ይጨምራል። ተከራዩ የራም ገጽ (ትንሽ የራም ቁራጭ) ሲጠይቅ አከራዩ ቆጣሪውን አይቶ ይጽፋል፣ ገጹን ያዘጋጃል፣ ከመስጠቱ በፊት ቆጣሪውን እንደገና ያያል። ቁጥሩ ከተለወጠ «በመሐል ነገር ተቀይሯል፣ እንደገና ሞክር» ይላል። ጥሩ አሠራር ነው። ግን ኮዱ ውስጥ አንድ ቦታ ላይ ቁጥሩ የሚጻፍበት ሳጥን ጠባብ ነበር፤ 2,147,483,647 ሲያልፍ አይችልም። ዋናው ቆጣሪ ከዚያ ሲያልፍ ሁለቱ ቁጥሮች መቼም አይገጥሙም። አከራዩ ለዘላለም «እንደገና ሞክር» ይላል፣ ተከራዩም ለዘላለም ይሞክራል። የፕሮሰሰሩ ግራፍ ጣሪያ ይነካል።

ሳጥኑ እስኪሞላ ጊዜ ይፈጃል። ስለዚህ ማሽኑ ለቀናት ወይም ለሳምንታት ሸጋ ሆኖ ይሠራና አንድ ቀን ያብዳል። ተመሳሳይ የራም ገጾችን ፈልጎ አንድ የሚያደርገው ኬኤስኤም የሚባል ሥራ በሆስቱ ላይ ሲበዛ ደግሞ ቶሎ ይሞላል። አጥፍታችሁ ስታበሩት ቆጣሪው ከዜሮ ይጀምራልና «ዳነ» ትላላችሁ። አልዳነም፣ ቀኑ ተራዘመ እንጂ። መድኃኒቱ ሳጥኑን ያሰፋው የከርነል አፕዴት ነበር። አፕግሬድ ያመጣውን አፕግሬድ ወሰደው።

ለዚህ ነው ስታክ ባደረገ ቁጥር ሁለት ነገር የምጽፈው፦ ስንት ሰዓት ላይ እንደሆነና ማሽኑ ከተነሳ ስንት ቀን እንደሆነው። በየ20 ቀኑ ግድም ከሆነ የሚሞላ ወይም የሚፈስ ነገር አለ። በየሌሊቱ 8 ሰዓት ከሆነ ባክአፑን ያዙት። ባክአፕ ከመጀመሩ በፊት አከራዩ ማሽኑ ውስጥ ላለ ትንሽ ወኪል ፕሮግራም «ለአፍታ መጻፍ አቁም» ይለዋል፣ ከዚያ «ቀጥል» ይለዋል። «ቀጥል» የምትለዋ ካልደረሰች ማሽኑ እስከ ንጋት አፉን ዘግቶ ይጠብቃል። ስታክ የሚያደርገው ወር መጨረሻ ላይ ሪፖርት ሲሠራ ብቻ ከሆነ ደግሞ ወደ ዲስኩ ፍጥነትና ወደ ራሙ ሂዱ፤ 32 ጊጋባይት ራም ያለውን ሆስት ለአምስት ተከራይ አሥር አሥር ብላችሁ አድላችሁ ይሆናል።

ማሽኑ ሲናገርም ስሙት። ሊኑክስ ተከራይ ኮንሶሉ ላይ «ሶፍት ሎክአፕ» ብሎ 22 ሴኮንድ የሚል ቁጥር ከጻፈ፣ አንዱ ፕሮሰሰር ለዚያን ያህል ጊዜ ከአንድ ሥራ አልተላቀቀም ማለቱ ነው። ቨርቹዋል ማሽን ላይ ግን ይህ ብዙ ጊዜ የአከራዩ ጥፋት ነው፤ ተራውን አልሰጠውም። አንድ ሥራ ከ120 ሴኮንድ በላይ ታግዷል ካለ ደግሞ ጣቱን ወደ ዲስክ እየቀሰረ ነው። ዊንዶውስ ላይ በክስተቶች መዝገብ ውስጥ ቁጥር 129 ከተደጋገመ ዲስኩን ጠይቆ መልስ በማጣት ግንኙነቱን እንደ አዲስ እየጀመረ ነው። የዲስክ ድራይቨሩን ዕድሜ እዩ። አከራዩ ታድሶ ድራይቨሩ የዛሬ አራት ዓመት ከሆነ እንዴት ይግባቡ?

አፕግሬዱን በእርግጥ ከጠረጠራችሁ የድሮው ከርነል አልተጣለም። ሆስቱ ሲነሳ ከሚመጣው ዝርዝር ውስጥ ልትመርጡት ትችላላችሁ። ግን ታገሡ። በየአሥር ቀኑ ስታክ የሚያደርግ ማሽን በድሮው ከርነል ሦስት ቀን ስለሠራ ነፃ አይወጣም። ቢያንስ ሃያ ቀን ስጡት። ወደ ስናፕሾት መመለስ ግን ሌላ ጉዳይ ነው፤ ከዚያ ቀን ወዲህ የተሸጠው ሁሉ አብሮ ይሄዳል። ለዳታቤዝ ማሽን ይህን በችኮላ አታድርጉት።

ላፕቶፑና ኤሊዋ

ስለ ሰርቨር ብዙ አወራሁ። ተማሪዎች የሚገጥማቸው ቀላል ነው፣ ግን ያናድዳል። በቀደም አሞራ ገደል አካባቢ የዓሣ ሾርባ እየጠጣሁ አንድ የኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪ ላፕቶፑን ገልብጦ አሳየኝ። ዊንዶውሱ አፕዴት ከሆነ ወዲህ ቨርቹዋልቦክስ ውስጥ ያለው ሊኑክስ ይንቀራፈፋል፣ ከዚያም ቀጥ ይላል። መስኮቱ ግርጌ ላይ አንዲት አረንጓዴ ኤሊ አለች። ጌጥ መስላው ነበር።

ኤሊዋ ቨርቹዋልቦክስ የምታሳየው ምልክት ናት። ዊንዶውስ ለደኅንነቱ ብሎ ራሱ ሃይፐርቫይዘር ሲያስነሳ፣ ቨርቹዋልቦክስ ፕሮሰሰሩን በቀጥታ ማግኘት ያቅተውና በዊንዶውሱ አከራይ በኩል መለመን ይጀምራል። ተከራይ ያከራየው ተከራይ ሆነ ማለት ነው። ብዙ ጊዜ መነሻው «ሜሞሪ ኢንቴግሪቲ» የሚባለው ጥበቃ መብራቱ ነው። በዊንዶውስ ሴኪዩሪቲ ውስጥ «ኮር አይሶሌሽን» በሚለው ሥር ታገኙታላችሁ። እሱን ማጥፋት፣ ከዊንዶውስ ተጨማሪ ክፍሎች ውስጥም ሃይፐር-ቪንና መሰሎቹን ማንሳት፣ ከዚያ ላፕቶፑን አጥፍቶ ማብራት። ኤሊዋ ካልሄደች ሌላ የቀረ ክፍል አለ። ዋጋ ግን አለው፦ አንድ የጥበቃ ሽፋን ትቀንሳላችሁ፣ ዶከር (ፕሮግራሞችን ለየብቻ አጥሮ የሚያሠራ መሣሪያ) የምትጠቀሙ ከሆነም ሊቆምባችሁ ይችላል። ልጁ ለላብራቶሪ ሥራው ብቻ ስለሚፈልገው አጠፋው። የባንክ ሥራ በዚያው ላፕቶፕ የሚሠራ ሰው ቢሆን ኖሮ ራሱን ሃይፐር-ቪን እንዲጠቀም እመክረው ነበር።

ገንዘብ ያዧ ባለፈው ሳምንት እንደገና ደወለች። «ወንድሜ፣ ሲስተሙ ስታክ አድርጓል። ፎቶ አንስቼ በቴሌግራም ልኬልሃለሁ። አልነካሁትም።» ፎቶውን ከፈትኩት። ጥግ ላይ ያለው ሰዓት ከፎቶው መላኪያ ሰዓት ጋር አንድ ነው። የደረሰኙ ቅጽ ተሞልቶ «ታትሟል» ይላል። «እህቴ፣ ፕሪንተሩ ወረቀት አለው?» አልኳት። ዝም አለች። ከዚያ የፕሪንተሩ ክዳን ሲከፈት ሰማሁ።